ለሦስት የተከፈለ ድምፅ

«እሷ ያላት ገመድ ነው። እኛ የየድርሻችንን ከሸጥን ገመዱን ምን ታደርገዋለች? ልብስ ታሰጣበት እንደሁ እንጃ» አለ ታላቅየው። መካከለኛውም እየሳቀ «ማይኩን አትርሳ እንጂ፤ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥበታለች» ሲል መለሰለት። ታናሽየዋ ይህን የሰማችው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ ፀጉሯ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። መታጠቢያውንና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ አባታቸው በሕይወት ሳለ በገዛ እጁ ከችፑድ የሠራው ስለሆነ ሳል እንኳ አይሰውርም። ውሃውን ዘጋች። አረፋው ወደ ዓይኗ እየወረደ ቢያቃጥላትም ጨፍና አዳመጠች። ለአባታቸው የድምፅ ዕቃ ገዢ ተገኝቷል። ሰውየው ዕቃው ሲሠራ በጆሮዬ ካልሰማሁ አልገዛም ስላለ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የእናታቸው የጡረታ ሽኝት ወደሚደረግበት አዳራሽ ይመጣል፤ ቆሞ ይሰማል፤ ከወደደው ዛሬውኑ ጭኖት ይሄዳል። ለታናሽየዋ የሚነገራት ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። አስቀድሞ ከተነገራት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ደግሞ ነገር ይበላሻል። ይህን ሁሉ የሚያወሩት እናታቸው ባለችበት ነው። እናትየው ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ለዛሬ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች፤ ካውያው ውሃ የተረጨው ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጢስ የሚለው ድምፅ ይሰማል። ታናሽየዋ እናቷ አንድ ነገር እንድትል ጠበቀች። «ተዉ» ወይም «እሷስ?» ብትል ይበቃት ነበር። ካውያው ጢስ አለ፤ ደግሞ ጢስ አለ፤ ሌላ ነገር አልተሰማም። «እማዬም ተስማምታለች ማለት ነው» ብላ አሰበችና ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ፀጉሯን እንደ ጠላት አሸችው።

ነገሩ ከመነሻው የተበላሸው በአጎታቸው እጅ ነው። አባታቸው ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለምረቃ የድምፅ መሣሪያ እያከራየ ያሳደጋቸው ሰው ነበር። እሱ ሲሞት አጎትየው፣ ቁርጥራጭ ብረት እየገዙ የሚሸጡት የአባታቸው ታላቅ ወንድም፣ «ሦስት ልጅ፣ ሦስት ድርሻ፤ ጭቅጭቅ አልወድም» ብለው ዕቃውን ግቢ አስወጡና እንደ ለመዱት በዓይናቸው እየመዘኑ አካፈሉት። የሰማይ ስባሪ የሚያካክሉት ሁለት ስፒከሮች ለታላቁ፣ መካከለኛ ክብደት ያላቸው አምፕሊፋየሩና ሚክሰሩ ለመካከለኛው፣ የቀረው፣ ማለትም ማይክሮፎኖቹ፣ መቋሚያዎቹና አንድ ጆንያ ሙሉ ገመድ ለትንሿ። በሚዛኑ በኩል ስህተት አልነበረም፤ አጎትየው በኪሎ ተሳስተው አያውቁም። ያልገባቸው ነገር ቢኖር የድምፅ መሣሪያ እንደ ሥጋ ተቆራርጦ ለየቤቱ የሚላክ ነገር አለመሆኑ ነው። ማይኩ የሰማውን ለሚክሰሩ ይነግራል፤ ሚክሰሩ መርጦና አስተካክሎ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል፤ አምፕሊፋየሩ ጉልበት ይጨምርበታል፤ ስፒከሩ ለሕዝብ ያወጣዋል፤ ገመዱ በመሀል እየተላላከ ሁሉንም ያገናኛል። አንዱ ከጎደለ ሌላው ባዶ ሣጥን ነው። ይህን ከሦስቱ ልጆች አጥርታ የምታውቀው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ከአባቷ ጋር ስትተክልና ስትነቅል የኖረችው ታናሽየዋ ነበረች። የደረሳት ግን ጆንያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሞቿ «ገመዴ» ይሏታል።

ሁሉም ድርሻ ድርሻውን ይዞ ወደየቤቱ ገባ። ታላቅየው መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው ነው፤ ስፒከሮቹን ሳሎኑ ውስጥ በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ገተራቸው፤ ሚስቱም ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችባቸው። መካከለኛው ደግሞ ስልክ በሚጠግንባት ሱቁ ውስጥ አምፕሊፋየሩን ከአንዲት ምስኪን የግድግዳ ስፒከር ጋር አጋብቶ ሙዚቃ ቢለቅባት፣ ምስኪኗ በመጀመሪያው ቀን ተቃጥላ ሱቁን ሁሉ የተቃጠለ ላስቲክ አሸተተችው። ታናሽየዋ ጆንያዋን አልጋዋ ሥር አስገብታ ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። በየእሑዱ ገመዶቹን አውጥታ ትወለውላለች፤ ጫፋቸው ላይ የላላውን ጃክ ታጠብቃለች፤ እንደ አባቷ እያጠማዘዘች ጠቅልላ መልሳ ታስገባለች። ምኞቷ አንድ ነው፤ ሦስቱን ድርሻ መልሶ አንድ ቦታ አገናኝቶ የአባቷን ሥራ መቀጠል፣ እሷም ሚክሰሩ ፊት መቀመጥ። ይህን ለወንድሞቿ የምትነግርበትን ቀን ስታምጥ ከርማ «ዕቃው ተተክሎ በጆሯቸው ከሰሙት ሆዳቸው ይራራል» ብላ የቆረጠችው ለዛሬ ነበር። ገዢው ቀደማት።

የዛሬው ሽኝት የእናቷ ነው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋውን ልብስ የምትመረምር ሠራተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋ ደርሶ ትሰናበታለች። ባሏ ከመሞቱ በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ድምፅዋ ሄዶ ቀርቷል። ሐኪሞቹ ቀስ እያለ ይመለሳል ቢሉም አልተመለሰም፤ ስትናገር ከጉሮሮዋ የሚወጣው ከወረቀት መንኮሻኮሽ የማይበልጥ ነገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ፣ ጆሮውን እያስጠጋ ያዳምጣት ነበር። ኋላ ሰለቸው። ልጆቿ ደግሞ ንግግሯን እየቀሙ መጨረስ ለመዱ። «ውሃ…» ስትል ውሃ ይመጣል፤ «ነገ…» ስትል «አዎ እማዬ፣ ነገ ነው፣ አውቀናል» ትባላለች። በዚህ በኩል ታናሽየዋም ከወንድሞቿ አትሻልም፤ እንዲያውም ከእናቷ ጋር ስለምትኖር ቃሏን በመቀማት ዋናዋ ፈጣን እሷ ናት። በቀደም ግን እናቷ እጇን ጨምድዳ ይዛ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ «በሽኝቱ ቀን እኔ ራሴ ነኝ የምናገረው። የአባትሽን ዕቃ ትከሉልኝ» አለቻት። ለወንድሞቿ ስትነግራቸው ሁለቱም ያለ ወትሯቸው፣ ሳይነታረኩ፣ «እሺ» አሉ። ያን ዕለት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ነበር። ለምን እሺ እንዳሉ የገባት ዛሬ፣ በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆና ነው።

ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ክፍሏ ገባችና ጆንያውን ከአልጋው ሥር ጎተተችው። አንዱን ገመድ አንስታ ታስቀምጣለች፤ ሌላውን ትፈታለች፤ መልሳ ትጠቀልላለች። ከሁሉም ሥር ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስተር የታሰረበት ገመድ አለ። ውስጡ ተበጥሷል፤ ሲነካ ይንጫጫል፤ ሳይነካም ደስ ባለው ሰዓት ይንጫጫል። አባቷ «ይሄስ አብዷል» ብሎ ነው ፕላስተሩን ያሰረበት፤ ለመጣል ግን አንጀቱ አልቻለም። ታናሽየዋ ያንን ገመድ ከደህናዎቹ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጠብ የለ፣ ልቅሶ የለ፤ አንድ ገመድ ብቻ። ገዢው መንጫጫቱን ይሰማል፣ ፊቱን ያኮሳትራል፣ መንገዱን ይቀጥላል። «እማዬስ?» የሚል ሐሳብ ብቅ ሲልባት «እማዬማ ተስማምታ የለ!» ብላ ዚፑን ዘጋችበት።

ስፒከሮቹ ከነዳንቴላቸው ከታላቅየው ቤት ወጥተው በተውሶ ፒክአፕ ላይ ተጭነው መጥተዋል፤ ዳንቴሉን ማንሳት የረሳው ሰው የለም፣ ሚስቱ ናት አይነሳም ያለችው። እናታቸው ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር በፋብሪካው አውቶቡስ ስለምትመጣ ሦስቱ ልጆች ጋቢና ውስጥ ተጠባብቀው ተቀመጡ። ታላቅየው ይነዳል፤ መካከለኛው መስኮቱን ይዟል፤ ታናሽየዋ ሚክሰሩን ጭኗ ላይ ታቅፋ በመሀል ገብታለች። ታላቅየው ሥራው ሆኖበት መንገድ ላይ ያለውን ሹፌር ሁሉ ያስተምራል። «ፍሬቻ! ፍሬቻህን አሳይ እንጂ የኔ ወንድም!» ይላል መስኮቱ ተዘግቶ። ስለ ጎማ ዋጋ ተወራ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ተወራ፣ ሲሚንቶ እንደገና መጨመሩ ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀና ሦስት ወንድምና እህት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው፣ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ወደ ፊት ወደ ፊት ብቻ አዩ። ታናሽየዋ «ሰምቻችኋለሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ እየመጣ ይመለስባታል።

«ምነው ዝም አልሽ ገመዴ?» አለ መካከለኛው።

«ፀጉሬ አልደረቀም» አለች። መልስ አይሉት መልስ፤ ግን ማንም ሌላ አልጠየቃትም።

አዳራሹ የፋብሪካው ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ሰፊ ክፍል ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ነጭ ሸክላ፤ አንድ ማንኪያ ቢወድቅ ሦስት ጊዜ የሚወድቅ የሚመስልበት ዓይነት ቤት። ሴቶች ወንበር እየደረደሩ፣ ፊኛ እየነፉ ይጯጯሃሉ። ታላቅየው መድረኩን ገና ሲያይ ወደደው። ሁለቱን ስፒከሮች መድረኩ ላይ፣ ከማይኩ በስተኋላ፣ ከጀርባው እንደሚቆሙ ዘበኞች አቆማቸው። እንዲህ ሲሆን ያምራል፤ ገዢውም ገና ከበር ሲገባ ያያቸዋል። መካከለኛው ሚክሰሩን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንደ አውሮፕላን አብራሪ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ታናሽየዋ ይህን ስታይ ክፉ ሐሳቧን ለአፍታ ረሳች። አባቷ ሲያስተምራት «ማይክ ጆሮ ነው፣ ስፒከር አፍ ነው» ይላት ነበር። «አፉ ያወጣውን ጆሮው መልሶ ከሰማው፣ ያንኑ እንደገና ይናገረዋል፤ የተናገረውን እንደገና ይሰማል፤ እንዲህ ሲዞር ዕቃው ያብዳል። ጩኸቱ ከየትም አይመጣም፤ ራሱን ማዳመጥ ነው።» ስለዚህ አፉ ሁልጊዜ ከጆሮው ፊት ይቆማል፣ ጀርባውን ይሰጠዋል።

«ጋሼ፣ እዚያ ከሆኑ ይጮኻል። ከመድረኩ ይውረዱና ከማይኩ ፊት ይሁኑ» አለች።

«የእኔ ስፒከር እኔ ያልኩት ቦታ ነው የሚቆመው። አንቺ ገመድሽን ዘርጊ።»

ገመዷን ዘረጋች። ለማይኩ ያቀረበችው ቀይ ፕላስተር የታሰረበትን ነው። ሲከፈት ቆርቆሮው ጣራ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እሪ አለ፤ ሴቶቹ ፊኛቸውን ለቀው ጆሯቸውን ያዙ። መካከለኛው ጣቢያ እንደ ጠፋበት የሬዲዮ አድማጭ ቁልፎቹን ሁሉ ያሽከረክር ገባ። ሲቀንሰው ጩኸቱ ይጠፋና መንጫጫቱ ይቀራል፤ ሲጨምረው ሁለቱም አብረው ይመጣሉ። ታላቅየው ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ እንደ ከተተ «ቀንስ! አይ ጨምር! ቀስ!» ይላል፣ እንደ ተማሪው አድርጎ። ታናሽየዋ ግድግዳ ተደግፋ አየቻቸው። ራሷን አልዋሸችም፣ ደስ አላት።

እናታቸው የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ጠዋት የተኮሰችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ቀጥ ብላ መድረኩ ላይ ወጣችና ማይኩ ፊት ቆመች። መቋሚያው ለእሷ ረዝሟል። ተንጠራርታ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ማለቷ የታወቀው ከንፈሯ ስለተንቀሳቀሰ ነው። የወጣው የገመዱ መንጫጫት ብቻ ነበር። እንደገና ሞከረች። ወንበር ከሚደረድሩት ሴቶች አንዷ አዘነችላትና ለሕፃን እንደሚጨበጨበው አጨበጨበችላት። እናትየው ከመድረኩ ወርዳ ወደ ታላቅየው ሄደችና «እኔ…» ብላ ስትጀምር፣ «አትጨነቂ እማዬ፣ እኔ እናገርልሻለሁ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ» አላት። እናትየው አየችው። ከዚያ «እሺ» አለች። ይቺን ቃል ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም ነበር፤ ልጆቿ ሁሉ የእናታቸውን «እሺ» ከከንፈሯ ቅርፅ ያውቁታል። ጥግ ላይ ወዳለች ወንበር ሄዳ ተቀመጠችና ምንም ያልተጨማደደውን ቀሚሷን በእጇ ታስተካክል ጀመር።

ታናሽየዋን ይሄ አንጀቷን በላት። ገዢው ይምጣ አይምጣ፣ ዕቃው ይሸጥ አይሸጥ፣ ያንን «እሺ» እያየች ግድግዳ ተደግፋ መቆም አልቻለችም። ዕቃው ከተሸጠ ሕልሟ አለቀ፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ጥሩ አድርጋ በተከለችው ልክ ቶሎ እንደሚሸጥም ታውቃለች። ቢሆንም መድረኩ ላይ ወጥታ ያበደውን ገመድ ነቅላ ጣለችውና ደህናውን ሰካች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ መካከለኛው።

«ገመዱ ነው። ቀየርኩት። ጋሼ፣ ስፒከሮቹ ይውረዱ። ሰውየው ይሄን ጩኸት ከሰማ አይገዛችሁም።»

ሁለቱ ወንድማማቾች ተያዩ። «የቱ ሰውዬ?» አለ ታላቅየው፣ ለማለት ያህል።

«ገዢው ነዋ። መታጠቢያ ቤት ነበርኩ።»

ታላቅየው ይቅርታ ይጠይቃል ብላ አልጠበቀችም፤ አልጠየቀም። ኮቱን ግን አውልቆ አንዱን ስፒከር አቀፈ፤ መካከለኛው በሌላው ጫፍ ገባለት። እያቃሰቱ ከመድረኩ አወረዱት፣ ሌላውንም አወረዱት። እሷ በእጇ እያጨበጨበች የቤቱን ማስተጋባት አዳመጠች፤ «ወደ ግድግዳው አይዙር፤ ወደ ሰዉ ይመልከት፤ ትንሽ ወደ ውስጥ» እያለች አዘዘቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለችውን አደረጉ። መካከለኛው ከወንበሩ ሳትነግረው ተነሳላት። ተቀምጣ የማይኩን ድምፅ ቀስ በቀስ ጨመረች፤ ሊያፏጭ ሲል የሚያፏጨው በየትኛው ድምፅ እንደሆነ ለየችና እሱን ብቻ ዝቅ አደረገችው፤ ደግሞ ጨመረች፤ ደግሞ ሌላ ለየች። እንዲህ እያደረገች የእናቷ ድምፅ የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ መንገድ ጠረገች። ስትጨርስ የቀራት ክፍተት ትንሽ ነበር፤ ከዚያ በላይ ከተጨመረ እሪታው ይመለሳል። እናቷን ጠርታ መቋሚያውን ዝቅ አደረገችላትና «ከንፈርሽ እስኪነካው አስጠጊው፣ አትፍሪው» አለቻት። እናትየው እጇን ይዛ «ዛሬ የምለው…» ስትል፣ ታናሽየዋ «ጥሩ ነው የምትይው፤ ሁሉም ይሰማሻል» ብላ ወደ ሚክሰሯ ተመለሰች። እናቷ ልትል የፈለገችው ሌላ እንደነበር የገባት ኋላ ነው።

ገዢው ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ ገባ። ቀጠን ያለ፣ ረጅም፣ ሰላምታውን የሚቆጥብ ሰው ነው። ከኋላ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ፤ ወደ ጥግ ሄዶ ጨፈነ፤ ስፒከሩ አጠገብ መጥቶ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣቱ አንኳኳው፣ ዳንቴሉንም ገለጥ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። መጀመሪያ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ተናገረ። ስለ ትጋት ተናገረ፣ ስለ ምርት ተናገረ፣ ስሟንም አንድ ጊዜ ተሳስቶ ጠራው። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ መጨረሻ ረድፍ ላይ የተቀመጡት ጥበቃዎች እንኳ ያለ ችግር ሰሙት። ገዢው ዓይኑን ገልጦ ለታላቅየው አንገቱን ነቀነቀለት። ታላቅየውም አንገቱን ነቀነቀ። በቃ፣ አለቀ፤ ለዚህ ያህል ነገር ሁለት መነቅነቅ በቂ ነው። ታናሽየዋ ይህን ሁሉ ከሚክሰሩ ኋላ ሆና አየች። እንዲህ ሆኖ ሲሠራ የሰማችው አባቷ ካረፈ ወዲህ ዛሬ ነው፤ የመጨረሻዋም ዛሬ ሊሆን ነው።

የእናቷ ተራ ደረሰ። ታላቅየው የሚናገረው እሱ መስሎት ከወንበሩ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ፤ እናትየው አልፋው ወጣች። ከንፈሯን ማይኩ ላይ አስጠግታ «እንደምን ዋላችሁ» አለች፤ አዳራሹም ሰማት። ድምፅዋ የሻከረ ነው፣ የደከመ ነው፤ ግን ሁሉም ነገር ነበረበት፣ ትንፋሿ እንኳ ሳይቀር ከቆርቆሮው ሥር ደረሰ። ወንበር የሚያንቋቋው ሁሉ ፀጥ አለ። «ይህን ሁሉ ዘመን ዚፕ ስመረምር ኖሬያለሁ» አለች። «በእኔ እጅ ያለፈ ሱሪ ዚፑ ሰው አዋርዶ አያውቅም። ያልመረመርኩት ቢኖር የሥራ አስኪያጃችንን ብቻ ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሲያይ ደግሞ ሳቁ ባሰ። ታናሽየዋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናቷ ቀልደኛ እንደነበረች ረስታው ነበር፤ ቀልድ ደግሞ ሌላ ሰው ሲጨርሰው ቀልድ አይሆንም። እናትየው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። ባልደረቦቿን አመሰገነች፣ በሕይወት የሌሉትን አነሳች፣ ከዚያም እጇን ወደ ስፒከሮቹ ዘረጋች።

«ልጆቼ የአባታቸውን ዕቃ ተክለውልኛል። ጥሩ ይሰማል አይደል?» አለች። ተጨበጨበላት። «ሊሸጡት ነው። ገዢው እዚሁ አለ፣ ያውላችሁ፤ እንግዳ ነው፣ ለስላሳ ስጡት። ጠዋት ልብስ ስተኩስ ፊቴ ተቀምጠው ሲያወሩ ነበር። ሰው ድምፄ ስለጠፋ ጆሮዬም የጠፋ ይመስለዋል።» አንዳንዱ መሳቅ ጀመረና ተወው። «እነዚህን ስፒከሮች ስንገዛ ግማሹ ብር የእኔ የትርፍ ሰዓት ነው። እናንተ ወደ ቤት ስትሄዱ እኔ እዚህ እየቀረሁ። ያኔ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ሲሞት ዕቃው ግቢ ወጥቶ ሲካፈል እኔም እዚያው ነበርኩ። ‹ግማሹ የእኔ ነው፣ እኔ ገና አልሞትኩም፣ አትከፋፍሉት› አልኩ። ደግሜ አልኩ። ወንዶቹ አልሰሙኝም። ሴቷም አልሰማችኝም።»

ታናሽየዋ በርበሬ እንደ ነካው ሰው ፊቷ ነደደ። ያን ቀን አስታወሰችው። ጆንያው ፊት ቆማ በዓለም ላይ እንደሷ የተበደለ የሌለ እየመሰላት ስታለቅስ፣ እናቷ እጅጌዋን እየጎተተች አንድ ነገር ስትላት ነበር። «እሺ እማዬ፣ ቆይ» ብላ እጇን አስለቀቀቻት። ምን እንዳለቻት ጠይቃት አታውቅም። ስለ ገመድ ስታዝን፣ ስለ ወንድሞቿ ግፍ ስታሰላስል ስትከርም፣ የዕቃው ባለቤት ከጎኗ ተቀምጣ እራት ትበላ ነበር። ከወንድሞቿ የተለየች ነኝ ብላ ነበር የምታስበው፤ አልነበረችም። አፈረች፤ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

ታላቅየው በወንበሮቹ መሀል እየተጋፋ ወደ ሚክሰሩ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ዝጊው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ዝጊው እልሻለሁ፤ ሰው ፊት እያዋረደችን ነው!» መካከለኛው ከጎኗ ሆኖ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ፤ በክርኗ መለሰችው። ገዢው የሰጡትን ለስላሳ ሳይከፍት ይዞ አንዴ መድረኩን፣ አንዴ እነሱን ያያል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ያያቸዋል። ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ሥር «ገመዴ!» አለ፤ ቁጣ ይሁን ልመና አልለየለትም። መድረኩ ላይ እናትየው ደክሟታል፤ ድምፅዋ እየሳሳ ሄዶ ነበር። አንድ ጊዜ ምራቋን ዋጠች፣ ከሰዉ ራስ በላይ ወደ ሚክሰሩ ተመለከተች።

«ልጄ» አለች፣ «ትንሽ ጨምሪልኝ። ገና አልጨረስኩም።»

ታናሽየዋ ጨመረችላት።